የሙዝ አይስክሬም አጣሪ ኮሚቴ

አገር የሚጠበቀው በወታደር ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። በምላስም ይጠበቃል። ይህን የሚጠራጠር ካለ፣ ኮዬ ፈጬ ድረስ ሄዶ፣ ለክብሩ ስንል ቁጥሩን የማንጠቅሰውን አንድ ብሎክ ይጎብኝና ከአቶ በዛብህ ምላስ ጋር ይተዋወቅ።

አቶ በዛብህ አቃቂ በሰቃ በነበሩበት ዘመን በአንድ የክር ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሌላው ተቆጣጣሪ ክሩን በመሣሪያ ሲለካ እሳቸው ጫፉን ምላሳቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ «ይሄ ጥጥ ብቻ አይደለም፤ ናይለን ገብቶበታል» ይሉ ነበር። ልክ ይሁኑ አይሁኑ ያጣራ ሰው የለም፤ ማጣራት የእሳቸው ሥራ ነበርና። ጡረታ ሲወጡ ፋብሪካው የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው፤ ምላሳቸውንም ይዘው እንዲወጡ ፈቀደላቸው። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ወደ ኮዬ ፈጬ ሲገቡ ነዋሪው ይህን ታሪካቸውን ከራሳቸው አንደበት ደጋግሞ ከሰማ በኋላ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎ መረጣቸው። እንዳይደግሙለት ብሎ ነው የሚሉ አሉ፤ ምቀኞች ናቸው።

ጉዳዩ የተጀመረው ሁዳዴ እንደገባ ነው። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ልዕልት፣ ትሠራበት የነበረው የልብስ ስፌት ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ እሷንም ቀነሳት። ባላት ጥሪት አሮጌ ፍሪዘርና አንድ ብሌንደር ገዛች። ሐሳቧ ቀላል ነበር፤ ኮሚቴ የሚያስቋቁመው ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ቀላል ሐሳብ ነው። ከግቢው በር ማዶ ካለው ከናዕማ ፍራፍሬ ቤት፣ ልጣጩ ጠቁሮ ገዢ ያጣ ሙዝ ትወስዳለች። ልጣ፣ ቆራርጣ ፍሪዘር ውስጥ ታሳድረዋለች። ሲነጋ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ሙዝ ብሌንደር ውስጥ ከታ ትፈጨዋለች። መጀመሪያ እንደ አሸዋ ይበተናል። ጠርዙን በማንኪያ እየሰበሰበች፣ ተስፋ ሳትቆርጥ ስትፈጨው ድንገት እርስ በርሱ ይስማማና ልስልስ ያለ አይስክሬም ይወጣዋል። ወተት የለ፣ ክሬም የለ፣ ስኳር እንኳ የለ። በማንጎ ስትሠራው ሎሚ ጠብ ታደርግበታለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

በጾም ስንት ሰው በጣፋጭ አምሮት እንደሚንገላታ ከራሷ ታውቃለች። ሁዳዴን ግቢ በር ላይ ከሸጠች ኪራይዋን እየከፈለች እስከ ክረምት ትዘልቃለች። ካልሸጠች ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ቤት መመለሷ ነው። ታዲያ ገና ምኑንም ሳትጀምር፣ ጎረቤት አይቅር ብላ መጀመሪያ ለወይዘሮ አስካለማርያም አቀመሰች። ስህተቷ ይህ ነበር።

ወይዘሮ አስካለማርያም የብሎኩ ጾም ማለት ናቸው። ሌላው ሰው ጾምን ይፈራል፤ እሳቸውን ጾሙ ራሱ ይፈራቸዋል። ዘጠኝ ሰዓት ሞልቶ ከቅዳሴ ሲመለሱ ልዕልት ሳህኑን ይዛ ደረጃው ላይ ጠበቀቻቸው። አንድ ማንኪያ ቀመሱ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ። ሁለተኛ ቀመሱ፣ ግድግዳውን ደገፍ አሉ። ሳህኑን ጨርሰው፣ ማንኪያውን ከፊትም ከኋላም ልሰው ካበቁ በኋላ፣ «ወየው! አስገደፈችኝ!» ብለው ጮኹ።

«ኧረ እትዬ! ሙዝ እኮ ነው!» አለች ልዕልት ደንግጣ።

«ሙዝ ላይ ምን ጨመርሽበት?»

«ሌላ ሙዝ።»

«ልጄ፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም። ጾም እንዲህ አይጣፍጥም!»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ምድር ቤት ላሉት ለአቶ በዛብህ ጆሮ ደረሰች። ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ወጡት። ነገሩን ሰሙ፤ ልዕልት ቤት ገብተውም ብሌንደሩ ውስጥ የቀረውን በጣታቸው ጠርገው ምላሳቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እውነቱን እንናገር ካልን፣ በዚያች ቅጽበት አቶ በዛብህ ደስ አላቸው። ከቅበላ ወዲህ ሽሮና ጎመን ሲያመላልስ የከረመ ምላሳቸው ልክ ቅቤ የነካ መሰለው። ደስታው ግን ወዲያው አስደነገጣቸው። ጾም ላይ ሆነው ደስ ካላቸው አንድ የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው። በእሳቸው እምነት የጾም ምግብ የሚታወቀው ፊት በማጨፍገጉ ነበር፤ ይህ ግን ፊታቸውን ፈታው። ስለዚህ ወንጀል ተፈጽሟል።

«ምላሴ ወተት ብሎኛል» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ግን በአንድ ጣት ሰው አይፈረድበትም። ጉዳዩ በሰፊው መጣራት አለበት።»

«ጋሼ፣ ነገ መሸጥ ልጀምር ነበር እኮ።»

«ማን ከለከለሽ ልጄ? የምንከለክልሽ እስኪጣራ ብቻ ነው።»

ክልከላውን ጥሳ ልሸጥ ብትልስ? ለማን ትሸጣለች! «የልዕልት አይስክሬም ወተት አለበት ተባለ» የሚለው ወሬ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያው የውሃ ታንከር ድረስ ባንድ ቀን ተዳርሷል። የጎረቤቶቿን ቃል ሳታገኝ ከጿሚ አንድ ማንኪያ የሚቀምስላት የለም። ስለዚህ ጠበቀች።

ኮሚቴው ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ በዛብህ ሆኑ። ወይዘሮ አስካለማርያም አባል ሆነው ተመረጡ፤ ተበዳይ ራሷ ብትዳኝ ጊዜ ይቆጥባል ተብሎ ነው። ሦስተኛው ሉቃስ ነው። ሉቃስ አንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ጎልማሳ ሲሆን፣ ጴንጤ በመሆኑ ሁዳዴን አይጾምም። ገለልተኛ ስለሆነ ተፈለገ። ጠዋት ጠዋት በወተት የሚታጠብ ምላስ ወተትን ለመለየት ምን ያህል ይረዳል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ገለልተኝነቱን መንካት ይሆናልና።

የመጀመሪያው ስብሰባ በግቢው ኮሙናል ቤት ተካሄደ። አቶ በዛብህ ተነስተው ኮታቸውን ቆለፉ።

«የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት! ወቅቱ የሚጠይቀውን ቁመና ይዘን፣ ባለድርሻ አካላትን አሳትፈን፣ የዚህን ሙዝ ማንነት ከሥር መሠረቱ እንፈትሻለን። አንቸኩልም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«በስመ አብ! በሁዳዴ እንቁላል ምን አስጠራዎት?» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም።

ኮሚቴው በጉዳዩ ላይ በጥልቀት ተወያየ። በውይይቱም ቃለ ጉባኤው «ቀስ በቀስ ድንች በእግሩ ይሄዳል» ተብሎ እንዲታረም ተወሰነ።

ቀጥሎ ናዕማ ለምስክርነት ተጠራች። ረመዳን ከሁዳዴው ጋር ገጥሞ ስለነበር እሷም ጾም ላይ ናት። ሱቋን ለእህቷ ትታ ነበርና አንድ እግሯ በር ላይ ነበር።

«ሙዙን የሸጥሽላት አንቺ ነሽ?» አሉ አቶ በዛብህ።

«አዎ ጋሼ።»

«ሙዙ ከየት መጣ?»

«ከአርባ ምንጭ ነዋ።»

«በምን?»

«በአይሱዙ።»

አቶ በዛብህ ወደ አባላቱ ትርጉም ያለው እይታ ላኩ። «እዚህ ላይ በደንብ አስቢ። አይሱዙው ላይ ከሙዙ ጋር ላም ተጭና ነበር?»

«ላም?» ናዕማ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። «ወላሂ ጋሼ፣ ከሙዝና ከረዳቱ በስተቀር ምንም አልነበረም።»

«ረዳቱ ወተት ይጠጣል?»

«እሱን እንኳ አልጠየቅኩትም።»

«አየሽ!» አሉ አቶ በዛብህ ጣታቸውን ቀስረው። «ክፍተት የሚፈጠረው እንዲህ ነው።» ናዕማ ወደ ሱቋ ተመለሰች፤ ረዳቱ ግን ከጥርጣሬ ነጻ አልወጣም።

ምስክርነቱ ውጤት ስላላመጣ ኮሚቴው ወደ ሳይንስ ተሻገረ። ልዕልት በእያንዳንዱ ስብሰባ ሙሉ ጎድጓዳ ሳህን ናሙና ይዛ እንድትቀርብ አቅጣጫ ተቀመጠ። ሙዝ ቀረበ፣ ማንጎ ቀረበ፣ ሙዝ ከኦቾሎኒ ጋር ቀረበ። ናሙናው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አይነካም፤ በዚህ ረገድ ወይዘሮ አስካለማርያም ፈጽሞ አይደራደሩም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ግን ጸሎታቸውን አድርሰው የሚያነሱት ማንኪያ ሲመለስ የሚያየው የለም።

«እንዴት ነው?» ይላሉ ሰብሳቢው።

«እጠራጠራለሁ» ይላሉ ወይዘሮዋ አፋቸው ሞልቶ። «ጨምሩልኝ፤ ጥርጣሬዬን ላጥራ።»

ሉቃስ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሰው ስለሆነ ዘዴ አላጣም። «ይቀመጥና ይቅለጥ» አለ አንድ ቀን። «ወተት ካለበት ያድርና ይረጋል። ሙዝ ብቻ ከሆነ ይጠቁራል።» ሐሳቡ በጭብጨባ ጸደቀ። አንድ ብርጭቆ ተሞልቶ መስኮቱ ላይ ተቀመጠ፤ ጥበቃውም ለሉቃስ ተሰጠ። ሌሎቹ እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱ ብርጭቆው ባዶውን ቆሟል።

«የት ሄደ?» አሉ አቶ በዛብህ።

«ተነነ» አለ ሉቃስ ከንፈሩን እየጠረገ። «የሰሞኑ ፀሐይ እኮ ጉድ ነው።»

የኮዬ ፈጬ ፀሐይ ያደርገዋል ተብሎ ታለፈ።

ቀጥሎ የወይዘሮ አስካለማርያም ድመት ተጠራች። ወተት አይታ የምታልፍ ድመት በዓለም ስለሌለች ከዚህ የበለጠ ባለሙያ አይገኝም ነበር። ድመቲቱ ሳህኑን አሸተተች፣ ጅራቷን አቁማ ዞረች፣ በሩ ሥር ተቀምጣ ፊቷን መታጠብ ጀመረች።

«እንግዲህ ወተት የለበትም ማለት ነው» አለ ሉቃስ።

«አይደለም» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም ቆጣ ብለው። «የኔ ድመት ሁዳዴ ወተት አትቀምስም።»

«ድመት ትጾማለች እንዴ እትዬ?»

«እኔ ቤት ያለ ሁሉ ይጾማል!»

አቶ በዛብህ ነገሩን ለማብረድ ብለው፣ «እሱስ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም ይባላል» ቢሉ ወይዘሮዋ ለድመታቸው ክብር ሲሉ ስብሰባውን ረግጠው ለመውጣት ተነሱ። ያስቀራቸው ገና ያላለቀው የማንጎ ሳህን ነው። የድመቲቱ ምስክርነት በጥቅም ግጭት ምክንያት ውድቅ ተደረገ።

አንድ ቀንም ስብሰባው ሳይጀመር መብራት ጠፋ። ልዕልት ፍሪዘሯ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዳይበላሽባት ፈርታ ወደ ቤቷ ልትሮጥ ስትል፣ አቶ በዛብህ «ማስረጃው ሊጠፋ ነው!» ብለው ከወንበራቸው ዘለሉ። ኮሚቴው በአስቸኳይ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ዘልቆ፣ ማንም ሳይጎዳ፣ ማስረጃውን በሙሉ ከጥፋት አዳነ። ልዕልት ለማግስቱ ያሰበችው ሁሉ አለቀ። መብራቱ የመጣው ሉቃስ የመጨረሻውን ዕቃ ሲልስ ነው።

ደብረ ዘይት ሲደርስ አቶ በዛብህ እውነቱን ያውቁት ነበር። ሙዝ ነው። ከሙዝ በቀር ምንም የለበትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው፣ ማታ ማታ አልጋቸው ላይ ሆነው ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ግን አንድ ችግር ያጋጥማቸዋል። «ወተት አለበት» ቢሉ ልጅቷ መሥራት ታቆማለች። «የለበትም» ቢሉ መሸጥ ትጀምራለች፤ ናሙናውም ይቆማል። ማንኪያቸው ሥራ ሳይፈታ ሊኖር የሚችለው በአንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ይጣራ!»

ልዕልት ታዲያ በሆሳዕና ዋዜማ በራቸውን አንኳኳች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ጋሼ በዛብህ፣ ጾሙ ሊያልቅ ነው እኮ።»

«ጾም ያልቃል ልጄ። እውነት ግን አያልቅም።»

«እኔ ግን እያለቅሁ ነው። ያለኝን ሙዝ ገዝቼበት ናሙና ሆኖ ቀረ። አከራዬም ደውሎልኛል፤ ለፋሲካ ማግስት መልስ ስጪኝ ብሏል። ወይ ወተት አለበት በሉኝና ልሂድ፣ ወይ የለበትም በሉኝና ልሽጥ።»

አቶ በዛብህ አዘኑላት። ሽሙጥ አይደለም፣ በእውነት አዘኑላት፤ ልባቸው ስፍስፍ አለ። ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ነካ አደረጉና፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ልጄ» አሏት። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለነገው ናሙና ማንጎውን ትንሽ በዛ አድርጊው» አሉ።

ልዕልት ደረጃውን ስትወጣ ኮቴዋ እንኳ አይሰማም ነበር።

በሕማማት ከሉቃስ በቀር ኮሚቴው ስግደት ላይ ስለነበር ናሙና አልተጠየቀም። ፋሲካም ገባ። ዶሮው፣ አይቡ፣ ቅቤው በየቤቱ ተዘረጋ፤ በዚያው ሌሊት የኮሚቴው የማጣራት ፍላጎት በሰላም አረፈ። ከእንግዲህ ለሙዝ ብሎ ማን ይሰበሰባል? ሆኖም አቶ በዛብህ የተጀመረ ሥራ ሳይቋጭ አይተዉም። በማግስቱ የማጠቃለያ ስብሰባ ጠሩ። ልዕልትም ሳህኗን ይዛ ቀረበች፤ ፊቷ ላይ ቁጣም ልመናም አይታይም።

ሦስቱም ቀመሱ። አቶ በዛብህ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ምላሳቸውን ላንቃቸው ላይ አንከባለሉ፣ ከዚያም ፊታቸውን ትንሽ ጨፍገግ አደረጉ።

«ወተት በዚህ በኩል ዞር አላለም» አሉ። «ንጹሕ ሙዝ ነው።»

«የጾም ነገር እኮ ያስታውቃል» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም ማንኪያውን እያስቀመጡ። «አንጀት አይደርስም።»

«ክብደት የለውም» አለ ሉቃስ። «ገለልተኛ ሆኜ ስናገር።»

ውሳኔው ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት፣ አቶ በዛብህም ቆመው አነበቡት። «ኮሚቴው ባደረገው ሰፊ፣ ጥልቅና አሳታፊ ማጣራት ምርቱ ፍጹም የጾም መሆኑን አረጋግጧል። የጾም በመሆኑም በጾም ወቅት ብቻ እንዲሸጥ ተፈቅዷል።» አነበቡና ወረቀቱን ዘረጉላት። «ይኸው ልጄ። ፍርድ ማለት እንዲህ ነው።»

«በጾም ብቻ?»

«በጾም ብቻ።»

«ጾሙ እኮ ትናንት ወጣ።»

«ሌላ ይገባል። የእኛ ቤት ጾም አያጣም።»

ልዕልት ወረቀቱን አልተቀበለችም። «ጋሼ፣ የዛሬው ወተት አለበት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ወተት አለበት። ጠዋት ከወተት ሻጯ ከአደሴ የገዛሁት፣ ያልተቀነሰ ወተት። ከነስልባቦቱ ነው የጨመርኩት። ፋሲካ ነው፣ ሁላችሁም ፈስካችኋል ብዬ ነው።»

ሉቃስ ማንኪያውን እንደ ባዕድ አየው። ወይዘሮ አስካለማርያም ሊያማትቡ እጃቸውን አንስተው፣ ፋሲካ መሆኑን አስታውሰው መልሰው አወረዱት። አቶ በዛብህ ከወንበራቸው ጀርባ ጋር ተጣብቀዋል። በዓይናቸው ፊት የፋብሪካው ክር፣ የተሸለሙት ሰዓት፣ በምላሳቸው ተባርሮ የቀረው ናይለን ሁሉ አለፈ። እንደዚያን ቀን ፈርተው አያውቁም። ዳግመኛ አንድ ማንኪያ ጎረሱ። ዋጡ። ቀስ ብለውም ተነሱ።

«ይህ ምላስ» አሉ፣ «ዕድሜውን ሙሉ ተሳስቶ አያውቅም። የለም ካለ የለም። ልጅቷ ዋሽታለች አልልም፤ ልጅቷ ተጭበርብራለች። የተሳሳተው ወተቱ ነው!»

«ወተቱ?» አለች ልዕልት።

«ወተት ተብሎ የተሸጠልሽ ነገር ወተት አይደለማ! ወተት ቢሆን ኮሚቴው ያውቀው ነበር። ይሄ የአንቺ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የኅብረተሰቡ ጤና ጉዳይ ነው። በአፋጣኝ መጣራት አለበት።»

«እደግፋለሁ» አለ ሉቃስ እጁን እያወጣ። «ናሙና ያስፈልጋል።»

«ትኩስ ይሁን» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም። «እንደታለበ።»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። «የኔስ ጉዳይ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ወረቀቱ ከወተቱ ጋር አብሮ እስኪጣራ ድረስ እንዲቆይ መወሰኑ ተነገራት። ልዕልት ሦስቱን በየተራ አየቻቸው። ይህን ሁሉ ጊዜ ቃላቸውን ስትጠብቅ የኖረችላቸው ሰዎች እነዚህ ናቸው። ሳቋ መጣ። ሳህኗን አንስታ፣ ወረቀቱን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ ፍሪዘሯን የሚያሸክማት ሰው ፍለጋ ወጣች። ከዛሬ ጀምሮ ናዕማ ሱቅ በር ላይ ትሸጣለች፤ የሚበላ ይብላ፣ የሚጠረጥር ይጠርጥር።

አቶ በዛብህ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ሲጣሩ የሰማችው አደሴ፣ የወተት ጀሪካኗን በክንዷ አንጠልጥላ ወደ ኮሙናሉ ስትመጣ በሩ ላይ ከልዕልት ጋር ተገናኙ።

«አትግቢ አደሴ» አለቻት ልዕልት። «ሊያጣሩሽ ነው።»

«ያጣሩኛ!» አለች አደሴ ሳቅ ብላ። «ጠብታ ውሃ የለበትም። ንጹሕ ወተት ይዤ ምን እፈራለሁ?»

«ንጹሕ መሆኑ እኮ ነው ክፋቱ።»

አደሴ ነገሩ አልገባትም፤ ጎንበስ ብላ ገባች። ውስጥ ሉቃስ ማንኪያዎቹን ሰብስቦ ብርጭቆ እየደረደረ ነበር።